ዱባ በስኳር፣ ፒካን ከላይ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ የማታ ሥራ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ማይኬን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተክዬ ከእናንተ ጋር ላወጋ ነው። የፍሪጁ ድምፅ ከገባባችሁ ቻሉኝ።

ኅዳር ገብቷል። እዚህ ሜሪላንድ፣ እኔ በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ አልቆ አሁን መርገፍ ይዟል። ሱቅ ስትገቡ ሽታው ነው የሚቀበላችሁ። ሻማው ዱባ፣ ሳሙናው ዱባ፣ ቡናው ዱባ። ስታርባክስ ያንን የዱባ ቅመም ላቴውን በፈረንጆቹ 2003 ካወጣ ወዲህ እብደቱ ብሶበታል ይላሉ። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን የሚሸተው ዱባ አይደለም። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ነው። የእኛ የሻይ ቅመም የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ዱባማ ምስኪኑ ይህ ነው የሚባል ሽታ መቼ አለው!

እና ዛሬ ስለ ዱባ ፓይ ነው የማወራው። አዎ፣ ስለ ፓይ። (ሳቅ) ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ ብዙዎቻችሁ ተክዛችሁ ነበርና፣ ዛሬ ትንሽ እንጣፍጥ ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ተራውን የዱባ ፓይ አልወደውም። ለስላሳ ቂጣ፣ እሱ ላይ ለስላሳ ዱባ፣ እሱ ላይ ደግሞ ለስላሳ ክሬም። ታዲያ ጥርስ ለምን ተፈጠረ? እኛ ቆሎ ስንቆረጥም ያደግን ሰዎች ነን። ሳይቆረጠም የሚዋጥ ጣፋጭ የሕፃን ምግብ ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ። የምወደው ከላይ ፒካን የሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ በቡናማ ስኳር ተለውሶ የተነሰነሰበትን ነው። እሱ ሲበላ ድምፅ አለው። ከታች ዱባው ይቀልጣል፣ ከላይ ይንቋቋል። ፈረንጆቹ ይህንን ከላይ የሚነሰነሰውን ሽትሮይዘል ይሉታል፣ አመጣጡ ከጀርመኖች ነው፤ እኔ ቤት ግን ስሙ "ቆሎው" ነው። "ቆሎውን አብዢልኝ" ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የዱባ ፓይ የሚበላበት የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ የሚውለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር፣ አራተኛው ሐሙስ ላይ ነው። አራተኛ ሐሙስ ደግሞ ከ22 ቀድሞ፣ ከ28 አልፎ ሊውል አይችልም። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ደግሞ 25። እንግዲህ አስሉት። ሐሙሱ 22 ወይም 23 ላይ ከዋለ፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ደግሞ 24 ላይም ቢሆን፣ ተረፍን፣ ጾሙ ሳይገባ በላን ጠጣን። ከዚያ ካለፈ ጾም ውስጥ ነን፣ አብዛኛውን ዓመት ደግሞ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. እንዲያውም ልክ ጾሙ በገባበት ቀን ዋለ! የበዓሉ ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪው፣ ኦቨን ውስጥ፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ።

ፓይ ደግሞ ምንድን ነው? እንቁላል ነው፣ ወተት ነው፣ ቅቤ ነው። ሦስቱም ፍስክ።

እዚህ ሀገር ያለ ሰው ይህንን በየመልኩ ነው የሚያልፈው። "የገና ጾም እንደ ሁዳዴ አይደለም" ብሎ የሚበላ አለ፣ አልፈርድም። ዶሮ ወጡንም ተርኪውንም ሠርቶ "ለልጆቹ ነው" የሚል አለ፤ እሱንም አውቀዋለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። (ሳቅ) ሌላው ሁለት ዓይነት ይሠራል። እኛ ቤት እንደዚያ ነበር። አንድ የፍስክ ፓይ፣ አንድ የጾም ፓይ። የፍስኩ ከጠረጴዛው መሀል ጉብ ይላል፣ የጾሙ እንደ እንጀራ ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ "ይሄኛው የጾም ነው" ተብሎ ይነገረዋል፣ ድምፁ ራሱ ዝቅ ብሎ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ።

እየቆየ ይሄ ነገር አበሸቀኝ። ለምንድነው የጾሙ ሁልጊዜ ምትክ የሚሆነው? ዋናውስ የቱ ነው? ማን ነው "የዱባ ፓይ ማለት ይህ ነው" ብሎ የደነገገው? እንዲህ ሲነድደኝ ማንበብ እወዳለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።

ስለ በዓሉ መነሻ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚማሩት በፈረንጆቹ 1621 ፕሊመዝ ላይ እንግሊዞቹ መጤዎችና የሀገሬው ተወላጅ የዋምፓኖአግ ሰዎች አብረው በሉ የሚለውን ነው። መብላቱን በልተዋል። ዱባም የዚሁ አህጉር ተክል ነው፤ የሀገሬው ሰው ከበቆሎና ከባቄላ ጋር አብሮ ሲዘራው የኖረ ነው። ልብ በሉ፣ የእኛም ዱባ ዘሩ ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነው የተነሣው፤ ባሕር ተሻግሮ ነው እኛ ጓሮ የደረሰው። ግን እነዚያ መጤዎች ፓይ አልጋገሩም። ለፓይ የስንዴ ዱቄትና ቅቤ እንደ ልብ ይፈልጋል፤ እነሱ ገና ነፍሳቸውን ለማትረፍ ይታገሉ ነበር።

አሜሪካዊት ጸሐፊ ጽፋ ያሳተመችው የዱባ አሠራር የሚገኘው በ1796 ሃርትፎርድ ላይ በታተመ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሚሊያ ሲመንስ ትባላለች። ስሙን ፓይ አላለችውም፣ ፑዲንግ ነው ያለችው፤ ግን በሊጥ ላይ ተደርጎ የሚጋገር ነው። ሁለት ዓይነት ሰጥታለች። በአንደኛው ዘጠኝ እንቁላልና ብዙ ክሬም አለ፣ በሁለተኛው አራት እንቁላልና ወተት፣ ስኳሩ ደግሞ ሞላሰስ፣ የሸንኮራ ጥቁር ሽሮፕ ነው። አያችሁ? በአንድ ገጽ ላይ እንኳ ሁለቱ አይመሳሰሉም።

በዓሉ ራሱ ብሔራዊ የሆነው ሣራ ጆሴፋ ሄል የምትባል የመጽሔት አዘጋጅ ለዓመታት በየፕሬዚዳንቱ ደጅ በደብዳቤ ስትጠና ቆይታ፣ ሊንከን በ1863 እርስ በርስ ጦርነቱ መሀል ካወጀው በኋላ ነው። አራተኛው ሐሙስ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1941። ቅመሞቹን አንድ ላይ ደባልቀው "የዱባ ፓይ ቅመም" ብለው ገበያ ካወጡት ቀደምቶች አንዱ ማኮርሚክ ነው፣ በ1934፤ ይኸው የእኛው የሜሪላንዱ ኩባንያ። እና አሁን አሜሪካዊው ሁሉ "የአያቴ አሠራር" የሚለው? አብዛኛው ሊቢስ በሚባለው የዱባ ጣሳ ላይ ከ1950 ጀምሮ ታትሞ ያለው ነው። አንድ ጣሳ ዱባ፣ አንድ ጣሳ ውኃው ተንኖ የወፈረ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ ቅመም። አለቀ። በየቤቱ ሂዱና ጠይቁ፣ አያቶቹ ሁሉ አንድ ሴትዮ ናቸው!

ጣሳው ውስጥ ያለው ዱባም ቢሆን ሥዕሉ ላይ ያለው ክቡ ብርቱካንማ ዱባ አይደለም። ዲኪንሰን የሚባል ዓይነት ነው፣ ሞላላ፣ ቆዳው ፈዘዝ ያለ፤ ኢሊኖይ ውስጥ ሞርተን በምትባል ከተማ ዙሪያ ነው የሚመረተው። ከተማዋ ራሷን "የዓለም የዱባ ዋና ከተማ" ብላ ነው የምትጠራው፣ ይሁንላት። ብታዩት ዱባ ነው ከምትሉ ይልቅ በተርነት ስኳሽ የሚባለው የዱባ ዘመድ ነው ትሉታላችሁ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ። ዋናው የሚባለው ነገር የጣሳ ጽሑፍ ነው። ጣሳ ላይ የተጻፈን መቀየር ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሚጋገረው አንድ ዓይነት ፓይ ብቻ ነው፣ የጾም፤ ለሁሉም። "የጾም ነው" ብዬም አልናገርም። ከጠረጴዛው መሀል ጉብ ብሎ ይቀመጣል።

እሺ፣ አሁን ስለ እማማ ላውራችሁ፤ ያለሳቸው ይህ ወሬ አይሞላም።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ከጎንደር ነው የመጡት፣ የገቡትም ጥቅምት ላይ ነበር። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልናመጣ በእግር ስንሄድ አንዱ ደጃፍ ላይ ቆም አሉ። ደረጃው ላይ ዱባ። ቀጥሎ ያለውም ቤት ዱባ። ግዙፍ ግዙፍ፣ አንዳንዱ ዓይንና ጥርስ የተቀረጸለት።

"የማን ነው ይኼ?" አሉኝ።

"የባለቤቶቹ ነው እማማ።"

"ታዲያ ለምን አያስገቡትም? ውርጩ እኮ ያበላሸዋል።"

"ለጌጥ ነው ያስቀመጡት።"

ዝም አሉ። ትንሽ ሄድን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ወይ ጉድ! እህል ለጌጥ!" አሉ። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ፈረንጆቹ ዱባ የሚቀርጹበት ሃሎዊን ያለፈ ዕለት ጎረቤታችን ያልተቀረጹትን ዱባዎች ወደ ቆሻሻው ሲጎትት በመስኮት አዩት። "ሂጂ ልጄ፣ ለምኚልኝ" አሉኝ። እኔ አፍሬ እግሬን ስጎትት፣ እሳቸው በነጠላ ጫማቸው ቀድመውኝ ወጡ። እንግሊዝኛ የለም፣ ምንም የለም፤ ዱባውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ወደ ደረታቸው አሳዩት። ሰውየው ደስ ብሎት ራሱ ተሸክሞ አመጣላቸው።

ያን ዕለት ዱባ ወጥ ተሠራ። በርበሬው ያው ከጎንደር የመጣው፣ ሽንኩርቱ እንደ ወጉ የተቁላላ። ቀመሱት። "ይኼ ውኃ ነው" አሉ። ልክ ናቸው! የሃሎዊን ዱባ ለመቀረጽ ነው የተመረጠው፤ ግዝፈቱና ቀለሙ እንጂ ጣዕሙ ታስቦ አይደለም፣ ሥጋው ክር ክር ይላል፣ ውኃ ይበዛዋል። እኔ ነገሩን ካነበብኩት ላስረዳቸው ስጀምር "ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" ብለው ዘጉት። ስለዚህ ከእማማም፣ ከእኔም አንድ ምክር ውሰዱ፤ የደጃፍ ዱባ ለፓይ አይሆንም። ትኩስ ካልሆነ አልወድም የምትሉ በተርነቱን ገዝታችሁ ኦቨን ውስጥ ጥበሱ። እኔ ግን ጣሳውን ነው የምከፍተው፤ ሥጋው ወፍራምና የተጣራ ነው፣ ዓመት ሙሉ አይለዋወጥም። በዚህ አልሟገትም።

ፍሬውን ግን እማማ አልጣሉትም። አጥበው፣ በትሪ ዘርግተው፣ መስኮት ሥር አደረቁት። ከዚያ በብረት ምጣድ ጨው ነስነስ አድርገው ቆሉት። "ለኮሶም መድኃኒት ነው" እያሉ ልጆቹን ያስቆረጥሟቸዋል፤ ልጆቹ ኮሶ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ እኔ ከክፍሉ ወጣሁ። (ሳቅ) የተቆላው ፍሬ የቤቱን ሽታ ሲቀይረው ነው "ለምን ከፒካኑ ጋር አላደርገውም?" ያልኩት። መፈልፈሉ ግን ሥራ ነው። እማማ ጫፏን በፊት ጥርሳቸው ቀጭ ያደርጓታል፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ገፋ፣ አረንጓዴዋ ፍሬ ሳትሰበር ትወጣለች። "እማማ፣ ለእንግዳ በጥርስ አይሆንም" አልኳቸው። አዩኝ። "አባቱን እንዲህ እየፈለፈልኩ ነው ያሳደግኩት" አሉኝ፣ ልጄን እያሳዩ። ግን ከዚያ በኋላ በጥፍር ብቻ ሆነ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እሱን ነው የምትጠብቁት። ሥራው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት የሚጋገር የጾም ፓይ ለምሳ አይደርስም፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ቂጣው ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ከሩብ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ኩባያ የአትክልት ስብ፤ እኔ ክሪስኮ ነው የምጠቀመው። ክሪስኮ ከ1911 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ወተትም ቅቤም የለበትም። እና ስንት አሜሪካዊት አያት ሳታውቀው የጾም ቂጣ ስትጋግር ኖራለች ማለት ነው! ስቡ ከፍሪጅ የወጣ ይሁን። በሁለት ጣት እያሻሻችሁ ከዱቄቱ ጋር አደባልቁት፣ የሽምብራ ያህል እንክብል ሲቀር አቁሙ። ጨርሶ ከላመ ቂጣው ይደርቃል፤ ያቺ ሽምብራ የምታህለው ስብ ኦቨን ውስጥ ስትቀልጥ ነው ንብርብሩ የሚፈጠረው። ከዚያ በረዶ ውኃ፣ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ሰብሰብ እስኪል። አታቡኩት! የእኛ እጅ ሊጥ ሲያይ ማሸት ያምረዋል፤ ተቆጣጠሩት። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይረፍ፣ ይዳመጥ፣ ሳህኑ ላይ ይነጠፍ፣ ወረቀት ተደርጎበት ደረቅ ቦሎቄ ይጫንበትና 15 ደቂቃ ያህል ብቻውን ይጋገር።

መሀሉ፦ የዱባው ጣሳ፣ ባለ 425 ግራሙ። አንድ ኩባያ ወፍራም የኮኮናት ወተት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስታርቹን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛው የኮኮናት ወተት በጥብጡት፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ዝንጅብል ግማሽ፣ ቅርንፉድ ሩብ፤ ቅርንፉድን አትድፈሩ፣ ትንሽ ካለፈ አፍ ያደነዝዛል። ገውዙን እኔ እተወዋለሁ። በሱ ፈንታ ኮረሪማ፣ አሁን የተፈለፈለ፣ አሁን የተወቀጠ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ። ሰው ሁሉ "ምንድነው ያደረግሽበት?" የሚለኝ በኮረሪማው ነው።

አሁን የእንቁላሉን ነገር። በፍስኩ ፓይ ውስጥ የሚያረጋው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ደግሞ ግልፍተኛ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ከበዛበት ይጨመደዳል፣ ውኃ ይለቃል፣ ፓይው መሀል ላይ ይሰነጠቃል። ያ የምታዩት ስንጥቅ የእንቁላል ቁጣ ነው። ስታርች ግን ትዕግሥተኛ ነው። በደንብ መሞቅ ይፈልጋል፣ ዳር ዳሩ ቡፍ ቡፍ እስኪል፣ ከዚያ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ከኦቨን ሲወጣ መሀሉ ይወዛወዛል፤ "አልበሰለም" ብላችሁ እንዳትመልሱት። ሌሊቱን ፍሪጅ ሲያድር ጠዋት በቢላ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ረቡዕ ማታ ያልኩት። እንግዲህ የጾሙ ነው የሚያስተማምነው፤ የማይሰነጠቀውም፣ በሰዓት የማይጣላውም እሱ ነው።

ቆሎው! አንድ ኩባያ ፒካን፣ በቢላ ደቀቅ ደቀቅ የተደረገ እንጂ ያልተፈጨ። አንድ እፍኝ የእማማ የዱባ ፍሬ። አንድ ሦስተኛ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ ቀረፋ፣ ጨው ቆንጠር። በእጅ ይታሻል፣ እርጥብ አሸዋ ይሆናል። ፒካን ስትገዙ አሽትቱት፤ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፣ ቶሎ ይሻግታል። የተረፈው ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ዋናው ነገር መቼ እንደሚነሰነስ ነው። መጀመሪያውኑ ከነሰነሳችሁት መሀሉ ገና ፈሳሽ ነውና ይሰምጣል፤ ሰምጦ ይቀቀላል፤ ፒካን ተቀቅሎ በልታችሁ ታውቃላችሁ? አያድርስ። ፓይው 350 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 175 ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ይጋገር። ዳሩ ያዝ ሲያደርግ ታወጡትና፣ ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያላችሁ ትነሰንሱታላችሁ፣ ዳሩ ጠንክሯልና ይሸከማል። መልሳችሁ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሲወጣ አልተንቋቋም ብላችሁ አትደንግጡ። ስኳሩ ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ነው እንደ መስታወት የሚደርቀው። ፍሪጅ ስታስገቡትም በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ የታፈነው ወዝ ቆሎውን አለስልሶት ያድራል።

ፒካን ስል አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፣ ስለሱ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ፒካን የዚህ ሀገር የዱር ዛፍ ነው፣ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ልጅ። አስቸጋሪነቱ ምንድነው፣ የጣፈጠውን ፍሬ ብትተክሉት የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ፍሬው ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ቅርፊቱ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንድን ጥሩ ዛፍ ማባዛት የሚቻለው ቅርንጫፉን ቆርጦ ከሌላ ግንድ ጋር በማጋጠም ነው፤ አሁን ሀገር ቤት የአቮካዶ ችግኝ እንደሚዳቀለው። በፒካን ላይ ይህን የተሳካለት የመጀመሪያው የታወቀ ሰው አንትዋን ይባላል። ሉዊዚያና ውስጥ ኦክ አሊ በሚባል የሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ነበር። ከሱ በፊት አንድ ሐኪም ሞክሮ አልሆነለትም፤ ቅርንጫፎቹ ለአንትዋን ተሰጡ። በ1846 እና 47 የብርድ ወራት ላይ 16 ዛፎች አዳቀለ፣ ያዙለት። ፍሬያቸው ቅርፊቱ ስስ፣ በእጅ ጨመቅ ሲደረግ የሚሰበር።

ስለ እሱ ከተረፉት ጽሑፎች አንዱ የንብረት ዝርዝር ነው። በ1848 የተጻፈ። አንትዋን፣ ዕድሜ 38፣ አትክልተኛ፣ ፒካን በማዳቀል የተካነ፣ ዋጋ 1,000 ዶላር። ከበሬውና ከዕቃው ጋር በሚቆጠርበት ወረቀት ላይ ነው ሙያው የተመሰከረለት። የአባቱ ስም የለም፤ እንዲህ በአንድ ስም ቀረ። ዛፉ ግን በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ፣ አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት ኤግዚቢሽን ተሸለመ፣ "ሴንቴኒያል" የሚል ስምም ወጣለት። ሰውየው ስም አጣ፣ ዛፉ ስም አገኘ።

ይህን ያነበብኩት ማታ ነው፣ ፒካኑን እየከተፍኩ ልቀጥል ስል። ቢላውን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ምን ይባላል? ምንም አይባል። ግን "የአሜሪካ ባህላዊ ምግብ" ሲባል አሁን ጆሮዬ ሌላ ነገር ይሰማል። ሥራ ቦታ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ትልቅ ሴት፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው የተወለደችው። ስለ አንትዋን ታውቃለች። "እኔ ግን ዱባ ፓይ አልበላም" አለችኝ፤ "እኛ ቤት ስኳር ድንች ነው።" እውነትም የደቡቡና የጥቁር አሜሪካውያን ገበታ ላይ የስኳር ድንቹ ፓይ ነው የሚነግሠው። እንደዚያም ሆኖ ቁራሽ ወስጄላት ነበር። ከላይ ያለውን ጨርሳ፣ ከታች ያለውን ከጨዋነት የተነሣ ነካ ነካ አደረገችው። እሷም ትቆረጥም ኖሯል።

ሐሙስ ቀን ምሳው የሚቀርበው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ማለቴ ነው። አሜሪካኖቹም ብዙዎቹ የሚበሉት ያን ጊዜ ነው፣ ምሳም እራትም ያልሆነ ሰዓት ላይ። ለጿሚ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ማንም ማንንም አይጠብቅም። ተርኪ የሚበላው ይበላል፤ እኛ በያይነቱ ዘርግተናል፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ፣ ሽሮ አለ፣ እማማ ከእውነተኛ ዱባ የሠሩት ዱባ ወጥም አለ። ዱባ በበርበሬና ዱባ በስኳር አንድ ጠረጴዛ ላይ።

እማማ የዱባ ወጡን በልተው፣ ፓይው ሲመጣ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። "ዱባ በስኳር" ሲባል አሁንም አልተዋጠላቸውም። "ቅመሱ እንጂ እማማ፣ ፍሬውን እርስዎ አይደሉ የፈለፈሉት?" አልኳቸው። ሹካውን ይዘው፣ ከላይ ያለውን ቆሎ ብቻ ገፈው ገፈው በሉ። ዱባው ራቁቱን ቀረ። ሳህኑን ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት፣ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ይኼን ላዩን ብቻ ለቡና አትሠሪውም?" አሉኝ።

ይሠራል። ያንኑ ድብልቅ በትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ 325 ፋራናይት ላይ፣ መሀል ላይ አንዴ ገልበጥ እያደረጋችሁ፣ ወርቅማ እስኪሆን። ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ ሰባብሩት። አሁን ቡና ሲፈላ ከገብሱ ቆሎ ጎን ይቀርባል፤ ፓይ ውስጥ ከሚገባው ይልቅ በዚህ መንገድ የሚያልቀው ይበዛል፣ የፒካን ወጪዬም ጨምሯል። ባለቤቴ ደረሰኙን አይቶ ምን እንዳለ በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ። በሉ፣ ሰላም እደሩ።